ሳር ይዞ የተናገረ ሰው

እግሬ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ልጆቼ «እማ፣ ምናለ አንዳችን ቤት ብትቀመጪ» ይሉኛል። እኔ ግን እንዝርቴንና ጥጤን በቅርጫት ይዤ ዛሬ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለችው ልጄ ቤት፣ በሳምንቱ ጨንቻ ገበያ፣ ከዚያ ደግሞ ኦቾሎ ከእህቴ ልጆች ጋር ነኝ። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኘኝ «እማማ፣ ወዴት ነው?» ይለኛል። «ወደፊት» እለዋለሁ፤ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ለምን እንደምዞር ግን የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልጽፈው ነው። ፊደል የለየሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ፣ ሾላ ሥር ተቀምጬ ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ይሁን፣ የምጽፈውም ነገር የሚያስቸኩል አይደለም፤ መቸኮል የነበረበት ያኔ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔና ባለቤቴ ከደጋው ከኦቾሎ ወርደን አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሰፍረን ነበር። እሱ ሸማኔ ነው፤ አባቱም ሸማኔ ነበር። ቆላ ስንወርድ መሬቱ የማህበር ሆኖ ጠበቀን፤ እኛም የአምራቾች ማህበር አባል ሆንን። ጠዋት ከሰው ጋር የማህበሩን ማሳ ያርማል፤ ከሰዓት በኋላ የሸማ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ይሸምናል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እፈትላለሁ። ብዙ አያወራም። ሲያወራ ግን ያስቃል። አንድ ቀን «ቆላ የወረድነው ለሙዙ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለትንኙ ኖሯል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወባ ትጥለው ነበር።

በማህበሩ ውስጥ ሁለት ሰፈር ነበርን። እኛ ከደጋ የወረድነው ከቦዩ ራስ በኩል፣ ሌሎቹ ደግሞ ከታች፣ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ። ውሃው በተራ ነው። የተራ ነገር ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ያጣላል። ግን ሲጣሉ ኖረው ሲታረቁም ኖረዋል።

አንድ ክረምት ባለቤቴን ወባ ጥሎት ሰሌን ላይ እየተንቀጠቀጠ ሰነበተ። ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤለት፣ ያም አልበቃ ብሎት፣ በሰውነቴ አሞቀው ነበር። በዚያው ሰሞን ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለና አንድ ጠዋት ስንነሳ የቦዩ መዝጊያ ተከፍቶ የማህበሩ በቆሎ በሙሉ ተኝቷል። ሊያሽት የደረሰ በቆሎ! ከላዩ ጭቃው ያንጸባርቃል። መዝጊያውን ማን እንደከፈተው እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ሰው ነው። ምናልባት ጎርፉ ራሱ ነው፤ ሳንቃው በስብሶ ነበርና። የታች ሰፈሮቹ ግን «እነዚህ ደገኞች የራሳቸውን ሙዝ ለማዳን ውሃውን ወደ ማህበሩ ለቀቁት» አሉ። የእኛዎቹም «እናንተ ናችሁ ሌሊት መጥታችሁ የከፈታችሁት» አሉ። ከስድብ ወደ ዱላ ለመሄድ ብዙ አይፈጅም። ወጣቶቹ ከሁለቱም ወገን ዱላና ገጀራ ይዘው ማሳው ዳር ተፋጠጡ። አንዱ «ዛሬ የሚቀበር ሰው አለ!» ሲል የሰማሁት ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ።

እዚህ ላይ የሀገራችንን ልማድ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ቀሪው አይገባችሁም።

እኛ ዘንድ ሰው ሊገዳደል ሲል አንድ ሰው እርጥብ ሳር ነጭቶ፣ ሳሩን ወደ ላይ ይዞ፣ በመካከል ይንበረከካል። የተንበረከከው ሰው ጥፋቱን ለራሱ ይወስዳል። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ተዉ» ይላል። እሱ አጠፋ አላጠፋ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚወስደው ሰላሙን ለመግዛት ነው። ሳሩን አልፎ የሚመታ ሰው የለም። ካለም ጎሜ ይሆንበታል፤ ጎሜ ማለት መንደር የማይነካውን መንካት ነው፤ በልጅ በከብት ይመጣል ብለን የምንፈራው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ዱቡሻ ይሄዳል። ዱቡሻ መንደሩ መሃል ያለ፣ ለመቀመጫ ድንጋይ የተደረደረበት ሜዳ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እዚያ ተቀምጠው ይሰማሉ፣ እውነቱን ያወጣሉ፣ በመጨረሻም ሁሉንም ይመርቃሉ። ምርቃቱ ሲወርድ ነገሩ አለቀ። ጥፋቱን የወሰደውም ሰው ቤቱ ይገባል።

እንግዲህ ባለቤቴ ጩኸቱን ሰማ። ከሰሌኑ ሲነሳ ያዝኩት።

«ወዴት ነው? መቆም አትችልም እኮ!»

«መቆም ማን አለ፤ የምሄደው ልንበረከክ ነው» አለኝ።

ጥርሱ በብርድ ይንገጫገጫል። እየተንገዳገደ ሄደ፤ ከቦዩ ዳር ሳር ነጨ፤ ሳር ያን ቀን አልጠፋም፣ ምድሩ ሁሉ እርጥብ ነበር። በዱላዎቹ መካከል ተንበረከከና ሳሩን አነሳ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ቦዩን የከፈትኩት እኔ ነኝ በሉ። እኔ ነኝ። ተዉ ልጆች።»

ዱላዎቹ ዝቅ ሲሉ አየሁ። «የሚቀበር ሰው አለ» ያለው ልጅ ራሱ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ከታች ሰፈር አንድ ሽማግሌ መጥተው የሳሩን ጫፍ ያዙለት፤ ተቀበልን ማለታቸው ነው። እኔ ደስ አለኝ፤ ኮራሁም።

ግን ከሕዝቡ ኋላ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ እግር ካድሬ ቆሞ ነበር። እሱ ሳሩን አላየም፤ ወይም አይቶታል፣ ሳር ብቻ ሆኖበታል። የሰማው ቃሉን ነው። ወደ ባለቤቴ ሄዶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጎበዝ ጓድ! ራስህን አጋልጠሃል። አብዮቱ የሚፈልገው ይሄንን ነው» አለ። ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ ይዘውት ሄዱ። ክሱን የኢኮኖሚ ሻጥር አሉት። ሽማግሌው ሊያስረዱ ሞከሩ፤ «አባቴ፣ ይሄ ኋላቀር ልማድ ነው፤ ሕግ አለ» ተባሉ።

ሕግ አለ። እኔም እሰይ አልኩ። ሕግ ካለማ፣ ልክ እንደ ዱቡሻ፣ እውነቱን ያወጣዋል አልኩ።

አውራጃ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ዳኛው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ክፋት ፊታቸው ላይ የሌለባቸው ሰው ነበሩ። ዛሬም አልረግማቸውም። ባለቤቴ አማርኛ ይሰማል፤ ነገር ግን አስተርጓሚ አቆሙለት፤ አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው፣ አንዲት ቃል አላጎደለም። ክሱ ተነበበ። ዳኛው «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» ብለው ጠየቁት።

ባለቤቴ «እኔ ነኝ ብያለሁ» አለ።

ዳኛው ቀና ብለው አዩት። አገጩ ቀጥኖ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የቆመው። «አስበህ መልስ» አሉት። «አልፈጸምኩም የማለት መብት አለህ። ካልፈጸምክ ዐቃቤ ሕጉ ምስክር አምጥቶ ያስረዳል እንጂ አንተ አትገደድም። አሁን ልድገምልህ። ፈጽመሃል?»

ተመልከቱ እንግዲህ፤ በሩን ከፈቱለት። በሁለት እጃቸው ከፈቱለት። እኔ ከኋላ ተነስቼ «ጌታዬ፣ እሱ ታሞ ተኝቶ ነበር! አጠገቤ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። ፖሊሱ «ተቀመጪ፣ እዚህ ሳይጠሩ አይነገርም» አለኝ። ምስክር እንዲጠራ መጠየቅ የሚቻል መሆኑን፣ ያንንም መጠየቅ ያለበት እሱ ራሱ መሆኑን፣ ማን ነግሮን እናውቃለን? እኔ ምስክር ማለት እዚያ የነበረ ሰው ይመስለኝ ነበር። ነበርኩ። ተናገርኩ። ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?

ባለቤቴም ደገመው። «ሳር ይዤ ተናግሬአለሁ። ቃሌ ቃል ነው።»

ከዚያ ያደረገውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ቃሉን ሰጥቶ ጨረሰና በዳኛው ፊት ተንበረከከ። አንገቱን ደፋ። ችሎቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ምሕረት የሚለምን መስሎት ነበር። አልነበረም። እኔ አውቃለሁ። ምርቃቱን እየጠበቀ ነበር። ዱቡሻ ላይ ቃል ከተሰጠ በኋላ የሚመጣው ምርቃት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ይነሳሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ «አለቀ፣ ግባ» ይላሉ። አንገቱን ደፍቶ ያንን ጠበቀ። ከዚያ ፖሊሱ በክንዱ ይዞ አነሳውና «እዚህ እንደዚህ አይደረግም፣ አባት» አለው።

አምስት ዓመት ፈረዱበት።

ስወጣ እግሬ የት እንደሚወስደኝ አላውቅም ነበር። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር፣ የጽሕፈት መኪናውን ሳጥን ላይ አስቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ጥርሱ በሲጋራ ጠቁሯል፣ ምላሱ ስለታም ነው። እያለቀስኩ ሳልፍ «ነይ እስቲ እቴ» አለኝ። «እዚህ አጥር ውስጥ አልቅሶ ያተረፈ የለም። ምን ሆንሽ?»

ነገርኩት። ሳሩንም፣ ወባውንም፣ ሁሉንም። ሲጋራው በእጁ ላይ አለቀ፤ አላጨሰውም።

«ስሚኝ» አለ። «ይግባኝ የሚባል ነገር አለ። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም ብለሽ ከፍ ወዳለው ፍርድ ቤት ትሄጃለሽ። ልመና እንዳይመስልሽ፤ መብት ነው። እንደ ውሃ ተራ ነው፤ ተራሽ ነው፣ ትወስጃለሽ። ግን በገዛ ቃሉ ነው የተፈረደበት። እሱ ራሱ ‹ያልኩት ለዕርቅ ብዬ ነው እንጂ እኔ አልፈጸምኩም› ማለት አለበት። ይህን ብሎ ጣቱን ያስቀምጥ፤ ሌላውን እኔ እጽፈዋለሁ። እና ደግሞ ቀን አለው፤ ቀኑ እንዳያልፍ።»

«ቀን አለው» ሲለኝ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። የገባኝ ግን በራሴ አገር ልክ ነው። በእኛ ዱቡሻ የተነሳ ነገር ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆያል። የታመመ ካለ እስኪድን፣ መንገድ የሄደ ካለ እስኪመለስ ይጠበቃል። ነገር ሰውን ይጠብቃል እንጂ ጥሎት አይሄድም። እኔም ነገሩን አንስቼዋለሁ፣ ለጸሐፊው ነግሬዋለሁ፣ እንግዲህ ይጠብቀኛል አልኩ።

ኩርኩፋ ሠርቼ፣ በቆሎውን በሀላኮ፣ ሽፈራው በሚሉት ቅጠል ቀቅዬ፣ ወደ ወህኒ ቤቱ ወሰድኩለት። በአጥሩ መካከል ተያየን። ወባው ለቆት ነበር። ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ፤ የሸማ ዕቃው ዝናብ እንዳይነካው አደራ አለኝ። ስለ ይግባኙ ነገርኩት።

«አልፈጸምኩም ልበል?»

«አልፈጸምክማ! እኔ አላውቅም? እላዬ ላይ እየተንቀጠቀጥክ?»

«እሱን ተይው። ሳር ይዤ ነው ያልኩት» አለ። «እኔ አይደለሁም ካልኩ ታዲያ ማን ነው ሊባል ነው? እነዚያ ልጆች እንደገና ዱላ ያነሳሉ። የወጋሁት ሰው ባይኖር የማስወጋው ይኖራል። ደግሞ ጎሜው በልጆቻችን ይመጣል።»

«አምስት ዓመት እኮ ነው የኔ ጌታ!»

አጥሩን በጣቱ ይዳስሳል፤ ድር የሚቆጥር ይመስል። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ሳር የያዘውን የሚፈታው ዱቡሻ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ የታች ሰፈር ሰውም ባለበት፣ ‹ፈትተንሃል› ይበሉኝ፤ እርጥብ ሳር ይላኩልኝ። ያኔ እናገራለሁ።»

ይህን ሰው ያገባሁት እንደዚህ ስለሆነ ነው።

ወደ ኦቾሎ ወጣሁ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ከላይ ሆናችሁ ስታዩ የአባያ ውሃ ቀይ ሆኖ ተዘርግቶ ይታያል። ሽማግሌዎቹ ሰሙኝ። አዘኑ። ግን ተያዩ። ያኔ ዱቡሻ መቀመጥ ተከልክሏል፤ ሜዳው የማህበር ስብሰባ ይደረግበታል፤ ሽማግሌዎች በራሳቸው ከተሰበሰቡ «ምን እያሴራችሁ ነው?» ይባላሉ። ባለፈው ዓመት ለአንድ የድንበር ነገር ተቀምጠው ሁለቱ ታስረው ነበር። ከመካከላቸው አንደኛው «ልጄ፣ ሰው ሳይጠረጠር የሚሰበሰብበት አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶናል» አሉኝ። «የት ነው አባቴ?» አልኳቸው። «ለቅሶ» አሉ።

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያምነኝ ብዬ አይደለም። ለቅሶ ጠበቅን። ሰው እስኪሞት ጠበቅን።

በመንደሩ ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ በደህናው ዘመን ዱቡሻ ላይ ቀድመው የሚናገሩ። ያለሁበት ቤት ጎረቤት ናቸውና ጠዋት ጠዋት ውሃ እወስድላቸዋለሁ፣ እግራቸውን አጥባለሁ። ስለ እኔ ሰምተዋል። አንድ ጠዋት ውሃውን ሳቀርብላቸው ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

«እኔን ነው የምትጠብቂው?» አሉ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «ኧረ አባቴ! ዕድሜ ይስጥዎ!»

«ዕድሜ አትበይኝ፤ እሱማ ነው እንቅፋት የሆነብሽ» አሉና ደረቅ ሳቅ ሳቁ። «ታገሺ ልጄ፤ እየሞከርኩ ነው። ዛሬ ማታ ልሄድ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ እንጂ።»

እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ እግራቸውን እያጠብኩ አለቀስኩ። እንደዚህ እየተሳሳቅን ሰነበትን። ገበያ መጣ፣ ገበያ ሄደ። አንዳንዴ ይሻላቸዋል፤ ሾርባ ይጠጣሉ፤ እኔ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ልቤ ይወድቃል፤ ሲወድቅብኝ ራሴን እጠላለሁ። አምላክ ይህን ያየብኝ እንደሆነ ያኔም ለምኜዋለሁ፤ አሁንም እለምነዋለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ውሃውን ይዤ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አርፈዋል። ከቀብራቸው ይልቅ የማስታውሰው ያችን የቅል ውሃ ነው፤ የት እንደማፈሳት አጥቼ ይዣት ቆምኩ።

ለቅሶው ላይ ሰው ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ። ካድሬዎቹም መጥተው ነበር፤ ሰው ሲያለቅስ አይተው ሄዱ። ሙሾው ጋብ ሲል ሽማግሌዎቹ ከመቃብሩ ዳር ተቀመጡ። ከታች ሰፈር ያንን ቀን የሳሩን ጫፍ የያዙት ሽማግሌ ለእኔ ብለው ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው መጥተዋል። ተነስተው «እኛ ፈትተነዋል። በቆሎውን ረስተነዋል። በእኛ በኩል ዱላ አይነሳም፤ የሚያነሳ ካለ በእኔ ሬሳ ላይ ያነሳል» አሉ። የኦቾሎ ሽማግሌዎችም «ቃሉ ተፈትቷል፤ ሰውየው እውነቱን ይናገር» ብለው መረቁ። ሳር ተነጨ። ውሃ ረጭተው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። እስከ አርባ ምንጭ ድረስ እንደ ሕፃን ታቀፍኩት፤ ምንጭ ባገኘሁበት ሁሉ እያረጠብኩት ወረድኩ።

በአጥሩ መካከል ሳሩን ሰጠሁት። ፖሊሱ «ምንድን ነው?» ብሎ ፈታው፣ አገላበጠው፣ «ሳር ነው እንዴ? ፍየል ይጠብቃል እንዴ ውስጥ?» ብሎ ሳቀና አቀበለው። ባለቤቴ ሳሩን ግንባሩ ላይ አደረገው። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ። ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለፖሊሱም፣ ለአጥሩም የሚናገር ይመስል።

«ቦዩን የከፈትኩት እኔ አይደለሁም። ታምሜ ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ አየሁ፤ ሸክም ከአህያ ላይ ሲወርድ እንደሚሆነው። ሳቀ። «ነገ ጠዋት ልምጣ እንግዲህ?» አለኝ። ቀልዱን ነው፤ ግን ግማሹ ቀልድ አልነበረም።

ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ሮጥኩ። ሲያየኝ ተነሳ። «የት ጠፋሽ አንቺ ሴት? ሞተሽ መስሎኝ ነበር!» አለ። «ፈቅዷል፣ ይናገራል፣ ጻፍልኝ» አልኩት። አልተቀመጠም። ኮፍያውን አውልቆ ያዘ። «እቴ፣ ቀኑ እኮ አለፈ» አለኝ።

«የትኛው ቀን?»

«የይግባኙ። ቀን አለው ብዬሽ አልነበር?»

«እኔኮ ነገሩን ይዤው ነበር» አልኩት። «ትቼው አልሄድኩም። ለእሱው ነው ስዞር የከረምኩት።»

ሳጥኑ ላይ ተቀመጠና ወረቀት አስገብቶ ጻፈው፤ ሳይከፈለው ጻፈው። ባለቤቴም ጣቱን አስቀመጠበት። መዝገብ ቤት ይዤው ገባሁ፤ ጸሐፊዋ አነበበችው፤ ጥሩ ልጅ ነበረች። «እናቴ፣ ጊዜው አልፎበታል፤ አልቀበልዎትም» ብላ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። በሁለት እጇ መመለሷን አልረሳም። በአንድ እጇ ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር፤ እቆጣ ነበር።

ለእሱ መንገር ነበረብኝ። ነገርኩት። ገባው ለማለት አልችልም። በየሳምንቱ ስንቅ ይዤ ስሄድ ይጠይቀኛል፤ «አልፈጸምኩም ብያለሁ እኮ። አሁን ምን ይጠብቃሉ?» ይለኛል። «ቀኑ አልፏል አሉ» እለዋለሁ። «የምን ቀን ነው የሚያልፈው? እኔ እዚሁ ነኝ» ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጣ። «እውነት እንደ ቅቤ ነው እንዴ ሲቆይ የሚበላሸው?» አለ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ ከመጠየቁ ይልቅ ጎዳኝ።

በሦስተኛው ክረምት ወባዋ እንደገና መጣች። በዚህኛው ደርቤ የማሞቀው ሰው አጠገቤ አልነበረም። አንድ ቀን ስንቅ ይዤ ስሄድ ፖሊሱ፣ ያ በሳሩ የቀለደው፣ ስንቁን አልተቀበለኝም። ወጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ያን ጊዜ ኮፍያ ሲወልቅ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ልብሱን ሰጡኝ። ራሱ የሸመነው ጋቢ ነው፤ ጥበቡ በአንድ በኩል ተተልትሏል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

የታች ሰፈር ሰዎች ሬሳውን ተሸክመው ኦቾሎ ድረስ ወጡ። «የሚቀበር ሰው አለ» ያለው ልጅ ከፊት ከያዙት አንዱ ነበር። ሲቀበር ማንም ስለ በቆሎው አላነሳም። ሰላሙ እስከ ዛሬ አለ፤ ቦዩም በተራ ይፈሳል። እሱ የከፈለበት ነገር አልጠፋም፤ እንደዚያ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም።

መዞር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ ውስጥ የሸማ ጉድጓዱ ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጬ መፍተል አቃተኝ። ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁ።

አንድ ጊዜ ከወላይታ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ፍርድ ቤት የምትሠራ መሆኗን ነገረችኝ፤ ሕግ ተምራለች። ወሬ ወሬን ያመጣል፤ ነገርኳት። ስጨርስ እጄን ያዘችው። «እማማ» አለችኝ፤ «የይግባኝ ጊዜ ቢያልፍ እንኳ፣ የዘገየው በበቂ ምክንያት ነው ብሎ ማስፈቀድ ይቻላል እኮ። ‹አዘግይቼ ላስገባ› ብሎ ማመልከቻ አለ።»

መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ሁለታችንም እንወዛወዛለን። «ሳር በቂ ምክንያት ነው?» አልኳት።

ስላልዋሸችኝ አመሰግናታለሁ። «አላውቅም እማማ» አለች። «ዳኛው ይቀበለዋል፣ አይቀበለውም፣ አላውቅም። መጠየቅ ግን ይቻል ነበር።»

መጠየቅ ይቻል ነበር። እስከ አርባ ምንጭ ድረስ በመስኮቱ እያየሁ ሄድኩ፤ ሙዙ ሁሉ አለፈ፣ ሐይቁ አለፈ።

አሁን እግሬ ሲዞር ሲዞር በፍርድ ቤቱ በር በኩል ያልፋል። ሆን ብዬ ነው መሰለኝ። ከደጋ የመጣ፣ ዱላውን ይዞ የት እንደሚገባ ያጣ ሰው ሳይ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ጥጤን አወጣለሁ፤ እየፈተልኩ አዋራዋለሁ። «ምስክር አለህ? ካለህ ይጠራልኝ በል፤ ሳትጠይቅ አይጠሩትም። ያልገባህን አስተርጉሙልኝ በል። ያላደረግኸውን አደረግኩ አትበል፣ ለዕርቅም ብለህ አትበል፤ ዕርቁን ቤትህ ጨርሰህ ና። ቢፈረድብህ ይግባኝ አለ፤ ቀኑን በጣትህ ቁጠር፤ ያ ቀን ማንንም አይጠብቅም።» አንዳንዱ «እኚህ አሮጊት ምን ነክቷቸዋል?» እያለ ይነሳል። አንዳንዱ ይሰማል።

አንድ ቀን በሩ ላይ ሽማግሌ አየሁ፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከእኛው ደጋ የመጡ ናቸው። በቀኝ እጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል። በመንገድ ያረጠቡት ነው፤ ውሃው እጃቸው ላይ ይንጠባጠባል። ስማቸው ሲጠራ ችሎቱ ደጃፍ ላይ ሊንበረከኩ ጉልበታቸውን አጠፉ። ቅርጫቴን ጥዬ ሄድኩና በክንዳቸው ይዤ አነሳኋቸው።

«አባቴ፣ እዚህ ቆመው ነው የሚናገሩት» አልኳቸው በጋሞኛ። «ያደረጉትን ብቻ ይናገሩ። ያላደረጉትን አላደረግኩም ይበሉ።»

አዩኝ። ከዓይናቸው በታች መጨማደድ አለ። «እሺ ልጄ» አሉ። «ከዚያስ? ምርቃቱን መቼ ነው የሚሰጡን?»

ምርቃት እዚህ የለም ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ። እኛ ዘንድ ምርቃት የሽማግሌ ነው፤ የእኔ አልነበረም። ግን ስማቸው እንደገና ተጠራ፤ ጊዜ አልነበረም። ሳሩን ከእጃቸው ወሰድኩና ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ የጠበቀውን፣ ያን ጊዜ ማንም ያላለለትን ቃል፣ ችሎቱ በር ላይ ቆሜ ለእሳቸው አልኩት።

«አለቀ። ቤትዎ ይግቡ።»